ልጆቹን ብጠራ የልጅ ልጆቹም መጡ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ፤ እርሱም በኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ የአንድን ኤለመንት ቀጥተኛ ልጆች ስም በኮድ ማንበብ ነው። ኤክስኤምኤል መረጃን ታግ በሚባሉ የመክፈቻና የመዝጊያ ምልክቶች መካከል የሚያስቀምጥ አጻጻፍ ነው፤ መክፈቻው፣ መዝጊያውና በመካከላቸው ያለው በአንድነት ኤለመንት ሲባሉ፣ በአንድ ኤለመንት ውስጥ በቀጥታ የተቀመጡት ልጆቹ ይባላሉ። የትእዛዞችንና የመሣሪያዎችን ስም ሲጠሩ እንደሚሰሙት በፊደላችን አስፍሬአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በአንድ የብራና መጻሕፍት ማከማቻ ውስጥ በመዝገብ ሥራ ላይ ነኝ። የምንጠቀምባቸው ፋይሎች ቲኢአይ በሚባለው የኤክስኤምኤል አጻጻፍ የተዘጋጁ ናቸው። በእያንዳንዱ መጽሐፍ የይዘት ክፍል ሥር ምን ምን ኤለመንቶች እንዳሉ ስማቸውን ብቻ የሚዘረዝር አጭር ፕሮግራም በጃቫ ጻፍሁ። የምፈልገው ከይዘቱ ሥር በቀጥታ ያሉትን እንጂ ከእነርሱ በታች ያሉትን አይደለም። በዓይኔ ስቆጥራቸው ሦስት ናቸው፤ ፕሮግራሙ ግን ሰባት ይለኛል። በሌላ ትእዛዝ ብሞክረውም አሁንም ሰባት አለኝ። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቁጥር ከሰጡ አቆጣጠሬ ተሳስቷል ማለት ነው? አንድ ባልደረባዬ ደግሞ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ክፍት ቦታና አዲስ መስመር ሁሉ አጥፍቼ እንድሞክር መክሮኛል። ይህንንስ ባደርግ ይሻላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አቆጣጠርዎ ትክክል ነው። ሁለቱ ትእዛዞች የሰጡዎት መልስ እርስዎ በልብዎ ለያዙት ጥያቄ ሳይሆን ለሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ነው፤ ቁጥራቸው መገጣጠሙም የአጋጣሚ ነገር ነው። የሁለት ምስክሮች ቃል ስለ ገጠመ ብቻ እውነት ነው እንደማይባል ዳኞች ያውቁታል፤ ኮድ የሚጽፍ ሰው ግን ይህንን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የላኩልን ፋይል ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፤ የታጎቹንም ስም ለንባብ እንዲቀል ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። ታግን በአማርኛ መጻፍ የራሱ ጣጣ ስላለው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ደብዳቤ እመለስበታለሁ።

<ይዘት>
  <መግለጫ>በአንድ ጥራዝ የተያዘ</መግለጫ>
  <ድርሰት>
    <ርእስ>ድርሳን</ርእስ>
    <ድርሰት>
      <ርእስ>የወሩ ምንባብ</ርእስ>
    </ድርሰት>
  </ድርሰት>
  <ድርሰት>
    <ርእስ>መልክእ</ርእስ>
  </ድርሰት>
</ይዘት>

እዚህ ላይ «ይዘት» ሦስት ልጆች አሉት፤ አንድ «መግለጫ» እና ሁለት «ድርሰት»። በመጀመሪያው ድርሰት ውስጥ ያለው ሌላ «ድርሰት» ስሙ ከአባቱ ስም ጋር አንድ ይሁን እንጂ ለ«ይዘት» የልጅ ልጅ ነው። ይህ የፈጠርሁት እንቆቅልሽ አይደለም። በቲኢአይ ድርሰትን የሚወክለው ኤምኤስ-አይተም የተባለው ኤለመንት በራሱ ውስጥ ሌላ ኤምኤስ-አይተም እንዲይዝ ተፈቅዶለታል፤ በአንድ ጥራዝ ብዙ ድርሰት፣ በአንድ ድርሰትም ብዙ ክፍል ስለሚገኝ ለብራና መጻሕፍት ከዚህ የሚሻል አደረጃጀት ማሰብ ይከብዳል። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማእከል እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው ፕሮጀክትም የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት የሚመዘግበው በዚሁ በቲኢአይ ሲሆን፣ ድርሰትን በድርሰት ውስጥ እንዲህ እያስገባ ነው።

የመጀመሪያው ሰባት የመጣው «ጌት-ቻይልድ-ኖድስ» ከሚለው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ ከቀጥተኛ ልጆች አልፎ አይሄድም፤ ችግሩ ማንን ልጅ ብሎ እንደሚቆጥር ነው። ዶም በሚባለው፣ ፋይሉን እንደ ዛፍ አድርጎ በሚያቀርበው አሠራር ኤለመንት ብቻ ሳይሆን ጽሑፍም፣ ለአንባቢ የሚተው አስተያየትም ልጅ ነው። ፋይሉ ለዓይን እንዲመች መስመር እየሰበርን ስንጽፍ፣ ከ«ይዘት» መክፈቻ እስከ «መግለጫ» ድረስ ያለው አዲስ መስመርና ክፍት ቦታ አንድ የጽሑፍ ኖድ (የዛፉ አንድ አባል) ይሆናል። ከ«መግለጫ» በኋላ ሌላ፣ ከመጀመሪያው «ድርሰት» በኋላ ሌላ፣ ከሁለተኛው በኋላ ደግሞ ሌላ አለ። አራት ባዶ ጽሑፎችና ሦስት ኤለመንቶች ሲደመሩ ሰባት ይሆናሉ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ስሞቹንም አትመው ቢሆን ኖሮ «ሃሽ-ቴክስት» የሚል ስም አራት ጊዜ ሲደጋገም ያዩ ነበር፤ ዶም ስም ለሌለው ጽሑፍ የሚሰጠው የወል መጠሪያ ይህ ነው።

ሁለተኛው ሰባት የመጣው «ጌት-ኤለመንትስ-ባይ-ታግ-ኔም» ለሚለው ትእዛዝ ኮከብ ምልክት በመስጠትዎ ነው። ይህ ትእዛዝ ባዶ ጽሑፍን አይቆጥርም፤ ነገር ግን ልጅን ከልጅ ልጅ አይለይም፤ ከ«ይዘት» በታች ያለውን ኤለመንት ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ ያመጣል። አንድ መግለጫ፣ ሦስት ድርሰትና ሦስት ርእስ ሰባት ናቸው። በኮከብ ፋንታ «ድርሰት» የሚለውን ስም ቢሰጡት ደግሞ ሦስት ይልዎት ነበር። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሚጠብቁት የልጆች ቁጥር ሦስት ስለሆነ፣ ሁለቱን ልጆችና አንዱን የልጅ ልጅ ተቀብለው ሥራው ተጠናቀቀ ብለው ወደ ቤትዎ ሊሄዱ ይችሉ ነበር።

እንግዲህ መፍትሔው ከመጀመሪያው ልጅ ተነሥቶ በወንድማማችነት መስመር እየሄዱ ኤለመንት የሆኑትን ብቻ መያዝ ነው። ሐሳቡን በአማርኛ እንዲህ አድርጌ ልጻፈው።

ልጅ ይሁን የ«ይዘት» የመጀመሪያ ልጅ
ልጅ እስካለ ድረስ፦
    የልጅ ዓይነት ኤለመንት ከሆነ፣ ስሙን መዝግብ
    ልጅ ይሁን የልጅ ቀጣይ ወንድም

በጃቫ የመጀመሪያው ልጅ «ጌት-ፈርስት-ቻይልድ»፣ ቀጣዩ ወንድም «ጌት-ኔክስት-ሲብሊንግ»፣ የኖዱ ዓይነት ደግሞ «ጌት-ኖድ-ታይፕ» በሚሉት ትእዛዞች ይገኛሉ። የዓይነቱ መልስ ቁጥር ነው፤ ኤለመንት 1፣ ጽሑፍ 3፣ አስተያየት 8 ነው። ቁጥሮቹን ራሳቸውን በኮዱ ውስጥ ከመጻፍ ይልቅ «ኤለመንት-ኖድ» የሚለውን የተዘጋጀ ስም ቢጠቀሙ ከእርስዎ በኋላ ለሚያነበው ሰው ይገባዋል። ከላይ ከጻፍኋቸው አራት መስመሮች የመጨረሻው «ከሆነ» ከሚለው ሁኔታ ውጭ መሆኑንም ልብ ይበሉ። እርሱን በስሕተት ወደ ውስጥ ቢያስገቡት ፕሮግራሙ የመጀመሪያው ባዶ ጽሑፍ ላይ እንደ ደረሰ ወደ ፊት መሄድ ያቅተውና እዚያው ሲሽከረከር ያድራል። እኔ ራሴ በጀማሪነት ዘመኔ ለዚህ ስሕተት አንድ ሙሉ ከሰዓት ከፍያለሁ።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። «ጌት-ኖድ-ኔም» የሚሰጠው በፋይሉ ላይ እንደ ተጻፈ ከነቅድመ ቅጥያው፣ ማለትም ከስሙ በፊት በሁለት ነጥብ ተለይቶ ከሚጻፈው አጭር ምልክት ጋር ነው። «ጌት-ሎካል-ኔም» የሚለው ቅጥያ የሌለውን ስም ብቻ ይሰጣል፤ ነገር ግን የጃቫው ዶም አንባቢ ሲፈጠር የኔምስፔስን (ስሙ የየትኛው አጻጻፍ እንደሆነ የሚለየውን አድራሻ) ነገር እንዲያውቅ ካልታዘዘ ባዶ መልስ ይመልሳል፤ ሳይነግሩት አያውቅም። ስለዚህ ፋይሉን ከመክፈትዎ በፊት «ሴት-ኔምስፔስ-አዌር» የሚለውን «እውነት» ብለው ያብሩት። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ኤክስኤምኤሉ የተበላሸ ይመስለዋል።

ኔምስፔስን ለመረዳት የሰውን ስም ማሰብ ይረዳል። ቅድመ ቅጥያው እንደ ቤት ስም ነው፤ አንዱን ልጅ አንዱ ቤት ማሙሽ፣ ሌላው ቤት አቡሽ ብሎ ቢጠራው ለውጥ የለውም። በመዝገብ የሚታወቀው ከቅጥያው ጀርባ ያለው ረጅም አድራሻ ነው። አንድ ፋይል ቲኢአይን ያለ ምንም ቅጥያ፣ ሌላው ደግሞ «ቲኢአይ» በሚል ቅጥያ ሊጽፈው ይችላል፤ ሁለቱም አንድ ኤለመንት ናቸው። ስለዚህ ፕሮግራምዎ ስሞችን የሚያነጻጽር ከሆነ አድራሻውንና አጭሩን ስም በአንድነት ያነጻጽር እንጂ በቅጥያ አይመን። ለዝርዝር ብቻ ከሆነ አጭሩ ስም ይበቃል።

ኤክስፓዝ የሚባለውን የመፈለጊያ ቋንቋ ለሚያውቁ ደግሞ ነገሩ አጭር ነው። «ይዘት» ላይ ቆሞ አንድ ኮከብ ብቻ መጻፍ ቀጥተኛ ልጆች የሆኑትን ኤለመንቶች ይሰጣል፤ ባዶ ጽሑፍና አስተያየት በኮከቡ አይገቡም። ሆኖም ሁለት ወጥመዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የመጀመሪያው የኤክስፓዝ ስሪት «ኔም» ለሚለው ተግባር ብዙ ኖዶችን በአንድ ጊዜ ብንሰጠው የሁሉንም ሳይሆን የመጀመሪያውን ስም ብቻ ይመልሳል፤ ስለዚህ ኖዶቹን ተቀብሎ አንድ በአንድ ስማቸውን መጠየቅ የፕሮግራሙ ሥራ ነው። ከ2ኛው ስሪት ወዲህ ግን ከኮከቡ ቀጥሎ አንድ ሰያፍ መስመርና «ኔም» መጻፍ የሁሉንም ስም ያመጣል። ሁለተኛው ወጥመድ ለቲኢአይ ተጠቃሚዎች የተለመደ ነው፤ በፋይሉ ላይ ቅጥያ ስለሌለ በኤክስፓዙም ያለ ቅጥያ «ኤምኤስ-አይተም» ብለው ይጽፋሉ፤ መልሱ ባዶ ይሆናል። በመጀመሪያው ስሪት ቅጥያ የሌለው ስም ማለት ኔምስፔስ የሌለው ስም ማለት ነውና፣ ለፍለጋው አንድ ቅጥያ መርጦ ከአድራሻው ጋር ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። ኮከብ ሠርቶ ስም እምቢ ካለዎት መንሥኤው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይህ ነው።

በሌሎች ቋንቋዎች ለምትሠሩ አንባቢዎች በአጭሩ ልንገራችሁ። በጃቫስክሪፕት «ቻይልድ-ኖድስ» ከላይ እንዳየነው ሰባት ሲሰጥ፣ «ቺልድረን» ሦስት ይሰጣል፤ ልዩነቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። በሲ-ሻርፕ «ኤለመንትስ» ቀጥተኛ ልጆችን፣ «ዲሰንዳንትስ» ዘር ማንዘሩን ያመጣሉ። እዚያው ሲ-ሻርፕ ውስጥ ያለው የቆየው «ኤክስኤምኤል-ዶክዩመንት» ግን ካልታዘዘ በቀር ባዶ ጽሑፉን ሲጭን ይጥለዋል፤ ስለዚህ በጃቫ ሰባት ያለው ጥያቄ እዚህ ሦስት ይላል፤ አስተያየቶች ካሉ ግን እነርሱ ተቆጥረው ይቀራሉ። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ኮድ የሚገለብጥ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ከፓይተን ጋር በሚመጣው ኤለመንት-ትሪ በተባለው የኤክስኤምኤል መሣሪያ ደግሞ ኤለመንቱን በፎር ዑደት ማለፍ በራሱ ቀጥተኛ ልጆችን ይሰጣል፤ የእያንዳንዳቸው ስም በ«ታግ» ይገኛል፤ ኔምስፔስ ካለ ስሙ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ካለው አድራሻ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። በድሮ መማሪያዎች የሚታየው «ጌት-ቺልድረን» ከፓይተን 3.9 ጀምሮ የለም። «ኢተር» የሚለው ደግሞ ዘር ማንዘሩን ብቻ ሳይሆን ራሱን ወላጁንም ስለሚቆጥር በናሙናችን ላይ ስምንት ይላል።

ዝርዝሩ ውስጥ «ድርሰት» ሁለት ጊዜ እንዳይታይ ከፈለጉ በጃቫ «ሊንክድ-ሃሽ-ሴት» የተባለውን መያዣ ይጠቀሙ፤ ድግግሞሽን ያስቀራል፣ በፋይሉ ላይ የነበረውን ቅደም ተከተልም ይጠብቃል። እኔ ግን ስሙን ከስንት ጊዜ እንደ ታየ ጋር መያዝን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን በሚቀጥለው መልስ ላይ ታዩታላችሁ።

የባልደረባዎን ምክር በተመለከተ መልሴ አያድርጉት የሚል ነው። በ«ይዘት» እና በ«ድርሰት» መካከል ያለው ክፍት ቦታ ትርጉም የለውም፤ በመጽሐፉ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ግን ትርጉም አለው። በቲኢአይ አንቀጽ ውስጥ ቃላትና ታጎች ተቀላቅለው ይጻፋሉ፤ የሰው ስም በአንድ ታግ፣ የቦታ ስም በሌላ ታግ ተይዞ በመካከላቸው አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ይኖራል። በጅምላ ማጥፋት ሁለቱን ስሞች ያጣብቃቸዋል፤ ለዓመታት የተለፋበት ግልባጭም በአንድ ጠቅታ ይበላሻል። በጃቫ «ሴት-ኢግኖሪንግ-ኤለመንት-ኮንተንት-ዋይትስፔስ» የሚል ለዚሁ የተዘጋጀ የሚመስል ማብሪያ እንዳለም ሊነግሩዎት ይችላሉ፤ እርሱ ግን የሚሠራው ፋይሉ የኤለመንቶቹን ሥርዐት ከሚደነግግ ዲቲዲ ጋር ተያይዞ በማረጋገጫ ሲነበብ ብቻ ነው፤ ዲቲዲ ከሌለ የትኛው ክፍት ቦታ ትርፍ እንደሆነ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። ፋይሉ እንዳለ ይቀመጥ፤ ማጣራቱን ኮዱ ይሥራው።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤታችን የተማሪዎች መዝገብ በኤክስኤምኤል አዘጋጅቻለሁ። መምህራኑ በቀላሉ እንዲረዱት ታጎቹን ሁሉ በአማርኛ ጻፍሁ። በፓይተን ኤለመንት-ትሪ ሳነበው ግን ገና የመጀመሪያው ታግ ላይ በደንቡ ያልተጻፈ ነው ብሎ ያቆማል። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 መቀመጡን አረጋግጫለሁ፤ ታጎቹን በእንግሊዝኛ ስተካቸውም በውስጡ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ያለ ችግር ይነበባል። ኤክስኤምኤል አማርኛን አይፈቅድም? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይፈቅዳል፤ ግን ከመጀመሪያ ጀምሮ አልነበረም፤ የሚጠቀሙበት መሣሪያም ያረፈው በድሮው ደንብ ላይ ነው።

የኤክስኤምኤል 1.0 ደንብ እ.ኤ.አ. የካቲት 1998 ሲታተም በታግ ስም ውስጥ ሊገቡ የሚችሉ ፊደላትን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ነበር። ዝርዝሩ የተወሰደው ለየፊደሉ ቁጥር ከሚሰጠው ከዩኒኮድ 2.0 ስሪት ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ በ3.0 ስሪት በ1999 ነው። ፊደላችን በአንድ ዓመት ዘግይቶ ስለ ደረሰ በሩ ተዘግቶ ጠበቀው። በታጎች መካከል በሚገባው ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለ ገደብ ስላልነበረ ግን ይዘቱን በአማርኛ መጻፍ ምንጊዜም ይቻል ነበር። የእርስዎ ፋይል ይዘቱ ሲነበብ ታጉ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ይህን ለማስተካከል መጀመሪያ የተሞከረው በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1 ነበር። ሌሎች ለውጦችንም ስለ ያዘና ከ1.0 ጋር ሙሉ በሙሉ ስለማይስማማ ብዙ ተከታይ አላገኘም። ከዚያ በኅዳር 2008 የኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም ወጥቶ የስም ደንቡን ሰፊ አደረገው። የተፈቀዱትን ከመዘርዘር ይልቅ ሰፋፊ የቁጥር ክልሎችን በሙሉ በመፍቀድ ወደፊት ዩኒኮድ ለሚጨምራቸው ፊደላት ጭምር ቦታ ተወ። የግእዝ ፊደል ያለበት ክልልም በዚህ ውስጥ ገባ።

መሣሪያዎቹ ግን እኩል አልተራመዱም። ኤለመንት-ትሪ ፋይል የሚያነበው ኤክስፓት በተባለው አንባቢ ሲሆን፣ ኤክስፓት የሚከተለው አራተኛውን እትም ነው፤ ስለዚህ «ተማሪ» የሚል ታግ ለእርሱ ስሕተት ነው። ሊብኤክስኤምኤል-2 የተባለው አንባቢ ከ2008 ጀምሮ አምስተኛውን እትም ይከተላል፤ በፓይተን በእርሱ ላይ የተሠራው ኤልኤክስኤምኤል የተባለው ላይብረሪ ነውና እርሱን ቢጭኑ ፋይልዎ ያለ ለውጥ ይነበባል። በጃቫ ውስጥ ያለው አንባቢም እንደ ኤክስፓት አራተኛው እትም ላይ የቀረ ነው፤ ሆኖም በፋይሉ ራስ ላይ ስሪቱ 1.1 ተብሎ ከተጻፈ የአማርኛ ታግ ይቀበላል።

ወደ ኤልኤክስኤምኤል ሲዛወሩ የልጆቹን ስም የማንበቢያው ዑደት አይለወጥም፤ አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ኤለመንት-ትሪ አስተያየቶችን ሲያነብ ይጥላቸዋል፤ ኤልኤክስኤምኤል ግን ያስቀራቸዋል፤ የአስተያየት «ታግ» ደግሞ ቃል ሳይሆን ተግባር ነው። ስሞቹን በፊደል ተራ ለመደርደር ሲሞክሩ ፕሮግራሙ የሚወድቀው በዚህ ነው። «ታጉ» ቃል መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለኤክስኤምኤል ሁለት ስሞች አንድ የሚሆኑት በየፊደሉ ቁጥራቸው አንድ ሲሆን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ አንዱን ቃል በተለያየ ፊደል እንጽፋለን። አንዱ መምህር «ጸሐፊ»፣ ሌላው «ፀሐፊ»፣ ሦስተኛው «ጸሀፊ» ቢጽፍ ሰው ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ለፕሮግራሙ ግን ሦስት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። «ሥዕል» እና «ስዕል»፣ «ዓመት» እና «አመት» እንደዚሁ ናቸው። ኖርማላይዜሽን የሚባለው የዩኒኮድ ማስተካከያም ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ አያዋህድም፤ በእርሱ ዓይን እነዚህ እንደ «መ» እና «ቀ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የትልቅና የትንሽ ፊደል ጣጣ የለብንም ብለን ስንደሰት የሞክሼ ፊደላት ጣጣ ይጠብቀናል።

ከላይ ለጎንደሩ አንባቢ ስሞችን ከብዛታቸው ጋር መያዝ ይሻላል ያልሁት ለዚህ ነው። በ«ተማሪ» ሥር ያሉትን ልጆች ስም ሰብስበው «ዓመት» 412 ጊዜ፣ «አመት» 3 ጊዜ የሚል ዝርዝር ቢወጣልዎት፣ ሦስቱ የተሳሳቱ መዝገቦች የት እንዳሉ ሳይደክሙ ያገኟቸዋል። ብዛት የሌለው ዝርዝር ሁለቱን ስሞች እኩል ጎን ለጎን ያቆማቸውና የትኛው ትክክል እንደሆነ አይናገርም።

የአምስተኛው እትም ልግስና አንዳንድ ጊዜ ፈገግ ያሰኛል። ታግ በ«1» መጀመር አይችልም፤ በ«፩» መጀመር ግን ይችላል። የቃል መለያችን ሁለት ነጥብም በስም ውስጥ እንደ ተራ ፊደል ይታለፋል፤ ስለዚህ «የተማሪ፡ስም» ተፈቅዶ የተጻፈ አንድ ስም ነው። በአንጻሩ ከእንግሊዝኛው ቁልፍ ሰሌዳ የሚገኘው ሁለት ነጥብ ኔምስፔስን የሚለይ ምልክት ነውና እርሱ የገባበት ስም ቅድመ ቅጥያው ያልተዋወቀ ተብሎ ይወድቃል። ሁለቱ ነጥቦች በስክሪን ላይ ተመሳሳይ መስለው ስለሚታዩ ሁለቱንም ከታግ ስም ያርቋቸውና ሰረዝ ይጠቀሙ።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ፋይሉ ከትምህርት ቤቱ የማይወጣ፣ የሚያነበውም አንድ የታወቀ ፕሮግራም ከሆነ የአማርኛ ታጎችዎን ይዘው ወደ ኤልኤክስኤምኤል ይሂዱ፤ የተፈቀዱትን ስሞች ግን በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው ለመምህራኑ ያድሉ። ፋይሉ ለሌላ መሥሪያ ቤት ወይም ለማያውቁት ሥርዐት የሚላክ ከሆነ ታጎቹን በላቲን አድርገው የአማርኛውን መጠሪያ በአትሪቢውት (በመክፈቻ ታጉ ውስጥ በሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) ዋጋነት ያስቀምጡት። የአትሪቢውት ዋጋ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ማንኛውንም ፊደል ይቀበላል፤ ለመምህራኑ የሚታየውን ስም ፕሮግራሙ ከታጉ ሳይሆን ከዚያ ሊያነብ ይችላል።

ጥያቄ፦ የማነበው ፋይል ከሁለት ጊጋባይት በላይ ነው። የሥሩን ኤለመንት፣ ማለትም ሌሎቹን ሁሉ የያዘውን የውጭኛውን ኤለመንት፣ ቀጥተኛ ልጆች ስም ብቻ ነው የምፈልገው፤ ፕሮግራሙ ግን ሳይጨርስ ማኅደረ ትውስታው ይሞላል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዶም ፋይሉን በሙሉ ዛፍ አድርጎ በማኅደረ ትውስታ ላይ ካልተከለ ሥራ አይጀምርም፤ ዛፉም ከፋይሉ በብዙ እጥፍ ሊገዝፍ ይችላል። ለእርስዎ የሚሆነው እየፈሰሰ የሚያነብ አንባቢ ነው፤ በጃቫ ስታክስ የሚባለው፣ በፓይተን ደግሞ «ኢተር-ፓርስ» የተባለው ትእዛዝ። እነዚህ ዛፍ አይሰጡዎትም፤ ታግ ተከፈተ፣ ታግ ተዘጋ እያሉ በተራ ይነግሩዎታል (የፓይተኑ መክፈቻውን የሚነግርዎት ካዘዙት ብቻ ነው)። ስለዚህ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቀው ጥልቀትን የሚቆጥር አንድ ተለዋዋጭ ነው። ከ0 ይጀምሩ፤ ታግ በተከፈተ ቁጥር በመጀመሪያ ጥልቀቱን ይመልከቱ፤ 1 ከሆነ የተከፈተው የሥሩ ቀጥተኛ ልጅ ነውና ስሙን ይመዝግቡ፤ ከዚያ አንድ ይጨምሩ። ታግ በተዘጋ ቁጥር አንድ ይቀንሱ። ራሱን የሚዘጋ ባዶ ታግም መክፈቻና መዝጊያ ሁለቱንም ስለሚያሰማ የተለየ አያያዝ አያስፈልገውም።

በፓይተን ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። «ኢተር-ፓርስ» እያነበበ በጎን ዛፉን መትከሉን አይተውም። የሥሩ ልጅ በተዘጋ ጊዜ ልጁን ራሱን «ክሊር» ብሎ ማጽዳት የልጅ ልጆቹን ያስለቅቃል፤ ባዶው ልጅ ግን ከሥሩ ጋር እንደ ተያያዘ ይቀራል፤ ልጆቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከሆነ እነዚያ ባዶ ቅርፊቶች ራሳቸው ማኅደረ ትውስታውን ይሞሉታል። ስለዚህ የመጀመሪያው መክፈቻ ሲመጣ ሥሩን በአንድ ተለዋዋጭ ይያዙና በእያንዳንዱ ልጅ መዝጊያ ላይ «ክሊር» የሚለውን በሥሩ ላይ ይዘዙ።